ከአዳራሹ እስከ መዝገብ ቤቱ፦ በደሴ የተካሄደ የሶፍትዌር ፍላጎት ጥናት ሲመዘን

የምመዝነው፣ አንድ የሶፍትዌር አማካሪ ድርጅት በደሴ ከተማ ለሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያካሄደውን የተጠቃሚ ፍላጎት ጥናትና በጥናቱ ማብቂያ ያስረከበውን ሰነድ ነው። በመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ነኝ፤ ቢጋሩ፣ ማለትም የሥራው ዝርዝርና የአሠራር ሁኔታ የሚገለጽበት ሰነድ፣ ከተዘጋጀበት ቀን አንሥቶ የርክክቡ ቃለ ጉባኤ እስከተፈረመበት ቀን ድረስ ጥናቱን ከመሥሪያ ቤቱ ወገን ሆኜ አስተባብሬያለሁ። የድርጅቱንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠቅስም። ያየኋቸው ጉድለቶች በአንድ ድርጅት ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ተወስነው የሚቀሩ ስላልሆኑ፣ በወልድያም ሆነ በኮምቦልቻ ወይም በከሚሴ ተመሳሳይ ሥራ ለማሠራት ለሚያስብ ባለሙያ ከስሙ ይልቅ የሥራው ዝርዝር ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ሊሠራ የታሰበው ሥርዓት የገቢና ወጪ ደብዳቤዎችንና የባለጉዳዮችን ፋይል የሚከታተል ነው። ችግሩን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሳይንት ወይም ከደላንታ ሸኚ ደብዳቤ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ያስገባል፤ ደብዳቤው ቁጥር ወጥቶለት ወደ ኃላፊው ይገባል፤ ኃላፊውም ይመራዋል። ከዚያ በኋላ ግን ባለጉዳዩ በሳምንቱ ተመልሶ «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ እርግጠኛ መልስ የሚሰጠው አያገኝም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ይልከዋል፤ ለአልጋና ለምግብ የያዘው ገንዘብ ያልቅና ጉዳዩ ሳይቋጭ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ሥርዓቱ እንዲመልስ የተፈለገው ይህንን አንድ ጥያቄ ነበር።

በቅድሚያ መመስገን ያለበትን ልናገር። መሥሪያ ቤቱ ጥናቱን ከግንባታው ለይቶ ለብቻው ለጨረታ ማውጣቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ያጠናው ድርጅት ራሱ የሚገነባ ከሆነ፣ ቀድሞ ለሌላ ደንበኛ የሠራው ሶፍትዌር ዓይኑ ላይ እየመጣበት ተጠቃሚው ከሚፈልገው ይልቅ እሱ በእጁ ያለውን መጻፍ ይቀናዋል። ክፍያው ግን በሦስት ተከፍሎ የመጀመሪያው ውል ሲፈረም፣ ሁለተኛው ረቂቅ ሰነድ ሲቀርብ፣ የመጨረሻው ደግሞ የተሟላ ሰነድ ሲረከብ እንዲከፈል ሆኖ ነበር የታሰረው። ቢጋሩን ከጻፉት አንዱ እኔ ነኝና የዚህን አከፋፈል ጉድለት የራሴም ጥፋት አድርጌ እወስደዋለሁ፤ ክፍያው በሙሉ ከወረቀት ጋር ስለተያያዘ ድርጅቱም ወረቀት ለማቅረብ ተጣደፈ።

ጥናቱ የተጀመረው በኮምቦልቻ በአንድ ሆቴል አዳራሽ በተካሄደ የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ነው። የተጠሩት የሥራ ሂደት መሪዎችና የቡድን አስተባባሪዎች ሲሆኑ፣ ደብዳቤ በእጃቸው የሚቀበሉ፣ የሚመዘግቡና ከቢሮ ቢሮ የሚያዞሩ ሠራተኞች አልተጠሩም። ምክንያቱ ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ለአበል የተመደበው በጀት ለሁሉም ስለማይበቃ፣ በሥርዓቱ መሠረት ኃላፊው ሠራተኛውን ይወክላል ተብሎ ታሰበ። አማካሪዎቹ «ከአዲሱ ሥርዓት ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ፤ ተሳታፊዎቹም «ዘመናዊ፣ ፈጣን፣ ከወረቀት የጸዳ፣ ለቁጥጥር የሚያመች» ብለው መለሱ። ይህ መልስ በአንድ ቃል እንኳ ሳይጨመቅ ወደ ረቂቁ ገባ። «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል ፕሮግራመር ምን ያደርገዋል? ከዚህ ቃል ምን ዓይነት ቅጽ ይነደፋል፣ ምንስ ተፈትኖ አለፈ ወይም ወደቀ ይባላል?

ዐውደ ጥናቱ ግን አንድ ፍሬ አፍርቷል፤ ይህንን ፍሬ በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻል ነበር ብዬም አላስብም። የፋይናንስና የሰው ሀብት የሥራ ሂደቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የዝውውር ጉዳይ «ተዘግቷል» የሚባለው መቼ እንደሆነ ሲጠየቁ የተለያየ መልስ ሰጡ፤ ለአንዱ የዝውውር ደብዳቤው ወጪ ሲሆን፣ ለሌላው የደመወዝ ማቋረጫው ሲደርስ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት እርስ በርስ የሚወቃቀሱበት መነሻ ይህ እንደሆነ በዚያች ሰዓት ገሃድ ወጣ። እንዲህ ያለውን የክፍሎች አለመግባባት ለማውጣት አዳራሽ ያስፈልጋል፤ የዕለት ሥራን ለማወቅ ግን አዳራሽ አይበቃም።

ቀጥሎ ከኃላፊዎች ጋር ቃለ መጠይቅ ተደረገ፤ በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለም። ኃላፊዎቹ አሠራሩ ሊሆን የሚገባውን ተናገሩ፤ አማካሪዎቹም የተነገራቸውን ከመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጥናት፣ በተለምዶ ቢፒአር ከምንለው ሰነድ ጋር አጣምረው «ነባሩ አሠራር» በሚል ርእስ ውብ ሥዕል ሣሉ። ያ ሰነድ በጊዜው የተጻፈው አሠራሩ ወደፊት ምን መምሰል እንዳለበት ለማመልከት ነበር። ታስቦ ሥራ ላይ ሳይውል የቀረውን ዛሬ በተግባር እንዳለ አድርጎ መውሰድ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የፍላጎት ጥናት ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ነው፤ ሥዕሉ ሥርዓታማ ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም።

ጥናቱ ዋጋ ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። በውሉ ላይ ያልነበረ ነገር ጠየቅሁ፤ ከአማካሪዎቹ አንዷ መዝገብ ቤት ገብታ ሥራው ሲሠራ እንድታይ። የቡድኑ መሪ ጊዜ እንደሌለ ቢገልጽም፣ አንዲት ወጣት የሲስተም ትንተና ባለሙያ ፈቃደኛ ሆና ሦስት ቀን በመዝገብ ቤቱ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ቀን ረቡዕ ስለነበር ጸጥ ያለ ነበር፤ ሌሎቹን ሁለት ቀናት የገበያ ቀን እንዲገኝባቸው ብለን ሰኞና ማክሰኞ አደረግናቸው። ደሴን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ይረዳዋል። ሰኞ ለገበያ የወጣ ገጠሬ ጉዳዩንም በዚያው ለመጨረስ ስለሚመጣ በመስኮቱ ፊት ያለው ሰልፍ ከሌላው ቀን ጋር አይወዳደርም። ረቡዕን ብቻ አይታ ብትመለስ ኖሮ የምትጽፈው የሥራ ጫና ሌላ ይሆን ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በሥራው ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ ወይዘሮ ናቸው። ወጣቷን ከጎናቸው ወንበር ሰጥተው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ስትጨነቅ አይተው «አብሽሪ ልጄ፣ ቀስ እያልሽ ታውቂዋለሽ» አሏት። እሷም «እትዬ፣ ይሄንን ለምን እዚህ ላይ ጻፉት?» እያለች ሳትታክት ጠየቀች። ወይዘሮዋ ፋይል የሚያገኙት በቁጥር አይደለም። ባለጉዳዩ ቁጥሩን የጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ጥሎታል፤ ስሙንና ቀበሌውን፣ ደብዳቤውን ያስገባው «ከአረፋ በፊት» ወይም «የጥምቀት ሰሞን» መሆኑን ብቻ ይናገራል። እሳቸው ከዚህ ተነሥተው ሰውየው ይዞት የመጣው ጉዳይ የትኛው ቢሮ ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ፣ ከዚያ የዚያን ቢሮ መደርደሪያ ያያሉ። ረቂቁ ደግሞ የፍለጋውን ቅጽ በደብዳቤ ቁጥር ብቻ እንዲሠራ አድርጎ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሁሉ የሚበልጠው ግኝት ተገኘ። ገቢና ወጪ ደብዳቤ ሁሉ ከሚመዘገብበት ከዋናው መዝገብ፣ ከባሕር መዝገቡ ጎን አንዲት ትንሽ ደብተር አለች፤ በየትኛውም መመሪያ አልተጠቀሰችም፣ በኃላፊዎቹ ቃለ መጠይቅ ላይም አልተነሣችም። ወይዘሮዋ ፋይሉን በእጁ የወሰደውን ሰው ስም የሚጽፉባት እሷ ላይ ነው። ባሕር መዝገቡ ደብዳቤው ለሰው ሀብት መመራቱን ይናገራል፤ ትንሿ ደብተር ግን ከሰው ሀብት የትኛው ባለሙያ፣ በስንት ሰዓት፣ ከስንት ገጽ አባሪ ጋር እንደወሰደው ትናገራለች። የአባሪው ገጽ ብዛት የተጻፈው በምክንያት ነው፤ የጎደለ ማስረጃ ሲኖር የጠፋው ከመግባቱ በፊት ይሁን ከገባ በኋላ መለየት የሚቻለው በዚያ ብቻ ነው። «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ በዚህች ደብተር ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል ማለት ነው፤ ሁለት ቀን በፈጀው ዐውደ ጥናት ግን ስሟ እንኳ አልተነሣም።

ሌላው የመምራት ጉዳይ ነው። ረቂቁ ኃላፊው ደብዳቤውን ካየ በኋላ «ጸድቋል» ወይም «ውድቅ ሆኗል» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ብቻ ሰጥቶት ነበር። ባለሙያዋ ግን በደብዳቤዎቹ ኅዳግ ላይ የተጻፉትን መሪ ቃላት አንድ በአንድ ገለበጠች፦ «በመመሪያው መሠረት ይፈጸም»፣ «አስተያየታችሁን አቅርቡ»፣ «ከቀድሞው ጉዳይ ጋር ተያይዞ ይቅረብ»፣ «ለጊዜው ይቆይ»፣ «ያነጋግሩኝ»። እያንዳንዱ ቃል ለደብዳቤው የተለየ መንገድ ይከፍታል። ከሁሉም አሳሳቢው «ያነጋግሩኝ» ነው፤ ባለሙያውና ኃላፊው እስኪነጋገሩ ድረስ ደብዳቤው የማንም ሥራ ሳይሆን በመሳቢያ ውስጥ ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ጠፉ ተብለው ከተፈለጉት ፋይሎች በርከት ያሉት የተገኙትም ይህ ቃል ተጽፎባቸው ነው። ባለሙያዋ ከዚህ ተነሥታ የጻፈችው ፍላጎት በሰነዱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥብኛል፦ «ያነጋግሩኝ» ተብሎ የተመራ ደብዳቤ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተጻፈበት ሥርዓቱ ለመሪውም ለተመሪውም ማስታወሻ ያሳያል። ግልጽ ነው፣ ምንጩ ይታወቃል፣ ሲፈተንም አለፈ ወይም ወደቀ ማለት ይቻላል።

የስም ፍለጋውን በተመለከተ ረቂቁ የመጣው ከሌላ አገር አብነት እንደነበር በግልጽ ይታይ ነበር። ቅጹ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ቦታዎች ነበሩት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፣ ሴቷም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ይህ በቀላሉ ታረመ። የከበደው የፊደሉ ነገር ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በሚጠቀሙበት የጋራ የመለያ ቁጥር ሥርዓት፣ ሲካተት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መለያ ቁጥር ስላገኙ፣ ለኮምፒውተሩ ሙሐመድ፣ ሙሀመድና ሙሃመድ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በወሎ መዝገብ ቤት ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም፤ ይህ ስም ያልተመዘገበበት ገጽ ማግኘት ያስቸግራል፣ ጸሐፊዎችም የሚጽፉት እንደየልማዳቸው ነው።

አማካሪዎቹ ለዚህ ያቀረቡት መፍትሔ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ መፈለግ ሲሆን፣ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ነገር ግን ከዚህ አልፈው «ተቀራራቢ ድምፅ ያላቸውን ስሞች» ሁሉ በአንድነት እንዲያወጣ ጻፉ። ወይዘሮዋ ወረቀቱን ሲያዩ ወዲያው ተቃወሙ፦ «ሰዒድና ሰኢድ አንድ ነው፤ ሰይድና ሰዒድ ግን ሁለት ሰው ነው።» ልዩነቱን እዚህ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ባለሙያ ሊያውቀው የሚችለው ጠይቆ ብቻ ነው። እንዲሁም ሰውየው ሐጅ አድርጎ ሲመለስ በፋይሉ ላይ «ሐጂ» የሚል ይጨመራል፤ ሼህ፣ ቄስና መሪጌታ የሚሉ ማዕረጎችም ከስም ጋር ተቀላቅለው ተጽፈዋል። ማዕረጉ የራሱ ቦታ ካልተሰጠው በ«ሐ» ፊደል ሥር የሚደረደረው ሰው ብዛት ፍለጋውን ያበላሸዋል። የፋይዳ ቁጥር ይህንን ሁሉ ይፈታል የሚል ሐሳብ በረቂቁ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተው የዲጂታል መታወቂያ ለወደፊቱ ትልቅ መፍትሔ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ረቂቁ ግን ቁጥሩን ያለ እሱ ምዝገባው የማያልፍ ግዴታ አድርጎት ስለነበር፣ ቁጥር ያላወጣ ገበሬ ደብዳቤው ሳይመዘገብለት ሊመለስ ነበር። «ካለ ይመዝገብ» ወደሚል ተለወጠ።

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ባጭሩ ልበል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ሊሆን እንደሚችል፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 እንደሚጀምር በሚገባ ተጽፏል። የጎደለው የሥራ ቀን አቆጣጠር ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለተገልጋዮቹ ቃል በሚገባበት ሰነድ፣ በዜጎች ቻርተር ላይ አንድ አገልግሎት በ3 የሥራ ቀን ይሰጣል ከተባለ ሥርዓቱ በዓላትን ማወቅ አለበት፤ ዒድ አልፈጥርና ዒድ አልአድሓ ደግሞ በጨረቃ ስለሚወሰኑ አስቀድሞ በፕሮግራም ውስጥ ተቆልፈው ሊቀመጡ አይችሉም። የበዓላቱን ዝርዝር የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ራሱ የሚያስተካክልበት ቅጽ እንዲኖር፣ ለጁምዓ ሶላት ሲባል የሚረዝመው የዓርብ የምሳ እረፍትም ከሰዓቱ ስሌት እንዲወጣ በእኛ ጥያቄ ተጨመረ።

«ሥርዓቱ በኢንተርኔት 24 ሰዓት ይገኛል» የሚለው የረቂቁ ዐረፍተ ነገር ከሁሉ ይበልጥ አሳዝኖኛል። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር አማካሪዎቹ ያውቁ ነበር፤ መብራትም በሥራ ሰዓት እንደሚጠፋ ዐውደ ጥናቱ በተካሄደበት አዳራሽ ሳይቀር አይተዋል። የሚታወቅን ነገር ወደ ፍላጎት አለመለወጥ ካለማወቅ የከፋ ጉድለት ነው። በመጨረሻው ሰነድ ላይ ሥርዓቱ ያለ ኢንተርኔት በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ኔትወርክ እንዲሠራ፣ መብራት ሲጠፋም መዝገብ ቤቱ በታተመ ቅጽ መዝግቦ በኋላ የሚያስገባበት ሥርዓት እንዲኖር ተጻፈ።

የመጠባበቂያ ቅጂው ጥያቄ ደግሞ ወደ 2014 ዓ.ም. መለሰን። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነቱ እጅ ውስጥ በቆዩባቸው ሳምንታት በበርካታ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ተዘርፏል፣ ፋይል በየሜዳው ተበትኗል። ባለሙያዋ «በዚያን ጊዜ ምን አተረፉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ወይዘሮዋ ሁለቱን ባሕር መዝገቦች በነጠላ ጠቅልለው ቤታቸው እንዳስቀመጡ ነገሯት። «ባሕር መዝገቡ ካለ የትኛው ፋይል እንደጠፋ ይታወቃል፤ እሱ ከሌለ ግን የጠፋውንም ማወቅ አይቻልም።» ይህ ንግግር በቀጥታ ወደ ሰነዱ ገብቶ፣ ከሁሉ በፊት በየዕለቱ ቅጂ የሚወሰድለትና ከከተማው ውጭ የሚቀመጠው የምዝገባው ዝርዝር እንዲሆን፣ በስካነር የተቃኙት ደብዳቤዎች ከዚያ ቀጥሎ እንዲመጡ አድርጓል። መረጃ ሁሉ እኩል ነው ብሎ የጻፈው ረቂቅ ይህንን ቅደም ተከተል አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ሰነዱ ራሱ ልምጣ። የቀረበልን ሰነድ ከመቶ ገጽ በላይ ያለው ሲሆን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ የተዘጋጀው ባለ 4 ገጽ ማጠቃለያ ብቻ ነበር። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ የሚሠራ፣ ሠራተኛውም በአማርኛ የሚያስብ ሆኖ ሳለ፣ ፍላጎቱን ሊያረጋግጥ የሚገባው ሠራተኛ አንብቦ ሊያርመው በማይችል ቋንቋ ተጻፈ። ኃላፊዎቻችን ማጠቃለያውን አይተው ዋናውን ሰነድ ሊፈርሙ ተዘጋጅተው ነበር። ቋንቋው ከሥነ ሥርዓት ባለፈ የይዘት ስሕተትም አስከትሏል። በእኛ አሠራር ደብዳቤ፣ ጉዳይና ፋይል የተለያዩ ናቸው፤ አንድ ጉዳይ ብዙ ደብዳቤ ይኖረዋል፣ አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ፋይሉ ውስጥ የዝውውርም የደመወዝም የቅሬታም ጉዳይ ሊኖረው ይችላል። ሰነዱ ሦስቱንም በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስለጠራቸው፣ በዚያው መሠረት የተነደፈው የመረጃ ቋት አንዱ ደብዳቤ ሲዘጋ የሰውየውን ፋይል ጭምር የሚዘጋ ሆኖ ተገኘ። የቃላት መፍቻ ከሰነዱ መጨረሻ ተነሥቶ መጀመሪያ ላይ መቀመጥና ከሁሉ በፊት መጽደቅ አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰነዱ የተዘጋጀበት አብነት በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የአይትሪፕልኢ 830፣ ማለትም የአንድ ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር የሶፍትዌር ፍላጎት ሰነድ አጻጻፍ ደረጃ፣ ነው። ይህ ደረጃ በዚሁ አቆጣጠር በ2011 በአይኤስኦ፣ አይኢሲና አይትሪፕልኢ የጋራ ደረጃ 29148 የተተካ፣ እሱም በ2018 የተሻሻለ በመሆኑ አንድ አማካሪ ድርጅት ይህንን ሳያውቅ መቅረቱ ያስወቅሰዋል። ያም ሆኖ ከአብነቱ አሮጌነት ይልቅ የከፋው ሰነዱ አብነቱን እንኳ አለመከተሉ ነው። የ830 ደረጃ ጥሩ የፍላጎት ሰነድ ትክክለኛ፣ አንድ ትርጉም ብቻ ያለው፣ የተሟላ፣ እርስ በርሱ የማይጋጭ፣ በአስፈላጊነት ደረጃ የተመዘነ፣ ሊረጋገጥ የሚችል፣ ለማሻሻል የሚመችና ምንጩም ተከታዩም የሚታወቅ እንዲሆን ይጠይቃል። በረቂቁ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፍላጎት «ከፍተኛ» የሚል ደረጃ ተሰጥቶት ነበር፤ ሁሉም ከፍተኛ ከሆነ በጀት ሲያንስ ምን እንደሚቀር ማንም አያውቅም። በምንጭ ዓምድ ላይ በተደጋጋሚ «ዐውደ ጥናት» ተብሎ ስለተጻፈ አንድ ፍላጎት አጠራጣሪ ሲሆን ማንን እንደምንጠይቅ አናውቅም ነበር። የመረጃ ጥበቃውም «ደኅንነቱ የተጠበቀ ይሆናል» በሚል አንድ መስመር ታልፏል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ግን የዲሲፕሊን ወይም የሕክምና ማስረጃ ያለበትን ፋይል ማን ሊያይ እንደሚችል በዝርዝር አለመጻፍ ተቀባይነት የለውም።

የማረጋገጫው ደረጃ ጥሩ ነበር፣ ይህንንም የማመሰግነው ያቺኑ ወጣት ነው። ሶፍትዌር ሳይሠራ የቅጾቹን ገጽታ በወረቀት ሥላ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፤ ወይዘሮዋም በዚያው ቀን የገቡትን ደብዳቤዎች በወረቀቱ ቅጽ ላይ በእርሳስ እየሞሉ ሞከሩ። ከሦስት ወረዳ በአንድ ሸኚ ተጠቃልሎ የመጣ ጉዳይ የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ፣ ግልባጭ የደረሰን ደብዳቤና በዋናነት የተጻፈልን ደብዳቤ በአንድ እንደተደባለቁ፣ ኃላፊው ለስብሰባ ባሕር ዳር ሲሄድ ተወካዩ የሚመራበት መንገድ እንዳልታሰበ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታወቀ። ይህ ሁሉ የተገኘው በጥቂት ወረቀትና በአንድ እርሳስ ነው።

አጠቃላይ ፍርዴን ከተጠየቅሁ አገልግሎቱ ሁለት ዋጋ አለው እላለሁ። ከዐውደ ጥናቱ፣ ከቃለ መጠይቁና ከአሮጌ ሰነዶች የተቀዳው ክፍል የከፈልንበትን ያህል አልሰጠንም፤ ያንን ራሳችን ልንጽፈው እንችል ነበር። ከመዝገብ ቤቱ ሦስት ቀንና ከወረቀቱ ሙከራ የተገኘው ክፍል ግን ከከፈልነው በላይ ያወጣል። ድርጅቱ ለእርማት ጥያቄዎቻችን በትሕትና መልስ መስጠቱ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሁለተኛ እትም ማዘጋጀቱ፣ በመጨረሻም ሙሉውን ሰነድ በአማርኛ መጻፉ በመልካም ጎኑ ሊመዘገብለት ይገባል። ዳግም ብናሠራ ይህንኑ ድርጅት አልቃወምም፤ ቢጋሩን ግን እንደ ቀድሞው አልጽፈውም። የመጀመሪያው ትልቁ ክፍያ የሚፈጸመው አማካሪው በሥራው ቦታ የተቀመጠባቸው ቀናት፣ ከእነዚህም ቢያንስ አንዱ የገበያ ቀን መሆኑ፣ በመዝገብ ቤቱና በመስኮት ሠራተኞች ፊርማ ሲረጋገጥ ነው። ሰነዱ በአማርኛ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ፍላጎት የተናገረውን የሥራ መደብና የታየበትን ቀን ይይዛል፤ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ለውጥም በቃል ሳይሆን በቁጥር በተመዘገበ ቅጽ ብቻ ይገባል።

ሁለተኛው እትም አሁን በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወይዘሮዋ እያንዳንዱን ገጽ አንብበው እየፈረሙበት ሲሆን፣ ስለ አባሪዎች በሚናገረው ገጽ ግርጌ ላይ በእርሳስ «አባሪው ከተመዘገበ በኋላ ቢጎድል የሚጠየቀው የወሰደው ነው ወይስ ያስረከበው?» ብለው ጽፈዋል። የሰው ሀብትና የሕግ አገልግሎት ባለሙያዎች ገና አልተስማሙበትም፤ መልሱ እስኪጻፍበት ድረስም የግንባታው ጨረታ እንዳይወጣ ጠይቄ ኃላፊዎቻችን ተቀብለውኛል።